የወለተ ዳንኤል ሱባዔ

በዚያ ዘመን ቅዳሜ ማለዳ አዲስ አበባን ያየ ሰው የክተት አዋጅ የታወጀ ይመስለው ነበር። ከተማው ዓይኑን ሳይገልጥ ነጠላውን ያጣፋ ሕዝብ ከየሰፈሩ እየጎረፈ አደባባዩን ይሞላዋል። ሹፌር የሌላቸው አውቶቡሶች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ የማኅበሩን መዝሙር በራሱ ድምፅ እያዜመ፣ ምእመኑን ይጠራል። አንዱ ወደ ሰጎኖቹ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ጎሾቹ። ጴንጤዎቹ ዝሆን አላቸው። ሙስሊሞቹ በምሥራቅ በኩል የሜዳ አህያውን ይዘዋል፤ በደንብ ነው የያዙት ይባላል። አራዊቱ እያለቁ፣ መንግሥትም ጥበቃው እያቃተው ሲሄድ የተረፈውን ለየሃይማኖቱ ካከፋፈለ ወዲህ፣ ቅዳሜና እሑድን ቤቱ የሚውል ሰው ወይ የታመመ ነው ወይ የካደ። ሰኞ መሥሪያ ቤት ሲገባም ሰላምታው "ምን አየህ?" ነው። "እንደምን አደርክ" የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ከማኅበራቱ ሁሉ እንደ ዳንኤላውያን የተከበረ አልነበረም፤ አንበሳ ያለው እነሱ ዘንድ ብቻ ነውና። አንበሳ ስንል አንዲት ናት። ከአዋሽ ማዶ፣ ሐመረ ኖኅ በሚባለው ጥብቅ ምድራቸው፣ ወለተ ዳንኤል የተባለች አንዲት እንስት። ባሏ ገብረ ኖኅ በኅዳር ወር በእርጅና ሞቶ፣ ተዝካሩን ለመብላት የመጣው ሕዝብ ያስነሣው አቧራ አዳማ ድረስ ፀሐይ ጋርዷል። እንዲህ ያለው መጋቢው ጋሽ ያፌት ነው፤ ስለዚህ አቧራውን በግማሽ ቀንሶ መስማት ነው።

ጋሽ ያፌት ሃምሳውን ዘለል ያለ፣ ጢሙን በቀለም የሚያጠቁር፣ ሆዱ ከካባው ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ከሱ አፍ የወጣች ድመት ሰሚው ጆሮ የምትደርሰው ነብር ሆና ነው። ጉንፋን ከያዘው ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፤ ካፊያ ካገኘው የጥፋት ውኃ ነበር። ሰውም ይወደዋል። እውነቱን ፈልጎ ወደ ያፌት የሚሄድ የለም፤ ለእውነቱ ሌላ ቦታ አለ።

ሹመቱ መጋቤ አራዊት ይባላል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። እንስሳቱ ሁሉ አንገታቸው ላይ ማተብ አላቸው፤ ማተቡ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሆኑ በያፌት ጆሮ ያንሾካሹካል። ምግባቸው የሚወጣበት ገበታ ማዕድ ይባላል፤ ማዕዱም ከያፌት ድምፅ በቀር ለማንም አይከፈትም። "ይከፈት?" ይላል ማዕዱ። "ይከፈት" ይላል ያፌት፣ አዲስ አበባ አልጋው ላይ ተጋድሞ። ረቡዕና ዐርብ "አይከፈት" ይላል። የነነዌ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ጾመው የለ? በሐመረ ኖኅም ጅቡ ሳይቀር ዐርብ ዐርብ ይጾማል። ወዶ ነው ማለት ግን አይቻልም።

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ወለተ ዳንኤል ከሜዳው ጠፋች። ማተቧ እንደተናገረው ከቋጥኞቹ መካከል አንድ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ አትወጣም፤ ማዕዷ ላይም አልቀረበችም። ሌላ ሰው ቢሆን "ታማ ይሆን?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያፌት ጆሮ የገባው ወሬ ግን ወዲያው ሰፋ፣ ወዲያው አበራ።

"ሱባዔ ገባች!" አለ።

እስከ ምሽት ድረስ ከተማው ሁሉ ሰማ። ባሏ የሞተባት አንበሳ ዓለምን ንቃ ዋሻ ገብታለች፤ እህል ውኃ አልቀመሰችም። በማግሥቱ እንደ ያፌት አባባል በስንጥቁ በኩል ብርሃን ይታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብርሃኑ ዕጣን ዕጣን መሽተት ጀመረ። በሳምንቱ ያፌት በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ "ሱባዔዋን ስትፈጽም ከዋሻዋ ወጥታ እጄ ላይ ጸበል ትጠጣለች፤ በመጪው ቅዳሜ!" ብሎ ተናገረ። ለጉዞው ተመዝጋቢ በዛ፤ አውቶቡሱ ላይ ወንበር የጠፋው በዚያው ዕለት ነው።

ችግሩ ወለተ ዳንኤል ከዚያ በፊት መምጣቷ ነው። ያፌት ገና ከጉባኤው ሲወጣ፣ የሚያጨበጭቡለት ሰዎች እጁን ሳይለቁት፣ በጆሮው "ወለተ ዳንኤል ማዕዷ ላይ ቆማለች። ይከፈት?" የሚል ሰማ።

ቆም አለ። አሁን ብትበላ ሱባዔው የት ሊገባ ነው? "አይከፈት" አለ። ለሷም ክብር ነው ብሎ ራሱን አሳመነ፤ የጀመረችውን ብትፈጽም ይሻላታል። አንበሳ ደግሞ ረኃብ ይችላል፤ ይህን የማያውቅ የለም። በማግሥቱም መጣች። ከዚያ ወዲያም። ያፌት መልሱን እየለመደው ሄደ፤ ኋላ ኋላማ ጫማውን እያሰረ ነበር የሚመልሰው።

*

አውቶቡሱ አዳማን አልፎ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርድ እልልታው ጣሪያውን ሊነቅለው ደርሷል። እልልታው ሲሳሳ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ ቶሎ መድረስ የፈለገ ሰው አጥብቆ ያመሰግናል። ያፌት ካባውን ለብሶ በመተላለፊያው ይንጎማለላል።

"ያፌት!" አለው ባሮክ ከመሐል ወንበር። ባሮክ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ማኅበሩ ውስጥ በያፌት ወሬ ሳቁን የማይደብቅ እሱ ብቻ ነው። "እውነት ትመጣለች? ወይስ እንደ አምናው ጉማሬ ‘ትናንት መጥታ ነበር’ ልትለን ነው?"

"አምና ጉማሬው መጥቶ ነበር፤ አንተን አይቶ ነው የተመለሰው። ንስሐ የገባ ሰው ይፈልጋል።"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ።

"እሺ፣ እጅህ ላይ ነው ጸበል የምትጠጣው?"

"እጄ ላይ! ማተቧን ዘግቼ፣ ያለ ምንም ትእዛዝ፣ በገዛ ፈቃዷ።"

"ካልመጣችስ?"

"ካልመጣች..." ያፌት የካባውን ጫፍ በሁለት እጁ ዘረጋ። "ይህን ካባ አውልቄ እዚያው ላንተ አለብሰዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መጋቢ የሚለኝ ሰው አይኑር።"

"ሰማችሁ!" ባሮክ ብድግ አለ። "ጎበዝ፣ ምስክር ሁኑ! ካባው ሰፊ ነው፤ እኔና ሚስቴን ይበቃናል!"

ከፊት የተቀመጡት እማማ ሔራን ዞር አሉ። እርሳቸው ጉልበታቸው እያበጠ ከቤት ከወጡ ብዙ ጊዜያቸው ነው፤ ዛሬ ሁለት ሴቶች ደግፈው አምጥተዋቸዋል። "ተወው ልጄ፣ ባሮክን። እኔ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ጠጉሯን ብነካ ይህ ጉልበቴ ይድናል። ከዋዜማው ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም፤ እሷ እየጾመች እኔ እንዴት ብዬ?"

"ይድናል እማማ! ባለፈው ጥላዋ ያረፈበት ሽባ ሮጦ አውቶቡሱን ቀድሟል!" አላቸው። የትኛው ሽባ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም።

ሰው ሁሉ መዝሙር ሲጀምር ያፌት ወደ ኋላ ሄዶ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠና የምሳ ዕቃውን ከፈተ። ያልታረደ ጥብስ ነው። ያልታረደ የሚባለው በፋብሪካ ጋን ውስጥ የሚያድገው ሥጋ ነው። የጾም ነው የፍስክ በሚለው ሊቃውንቱ ገና እየተከራከሩ ነው፤ ያፌት ግን ለራሱ ከፈረደ ቆይቷል። "ደም ያልፈሰሰበት ሥጋ ጎመን ነው" ይላል። ደግሞ እሱ የጨጓራ ሕመም አለበት። በሁለት ጣቱ እያነሣ፣ ቅባቱን እየላሰ፣ አፉን ሞልቶ ሲያላምጥ ጆሮው ተንሾካሾከ።

"ወለተ ዳንኤል ማዕዷ ላይ ቆማለች። ይከፈት?"

"አ... ፍት።"

"ድምፅዎ አልተለየም። ይከፈት?"

ያፌት ጉርሻውን በግድ ዋጠ። "አይከፈት!"

መጋረጃው ተገለጠ። ባለቤቱ ሶልያና ቆማለች። "ምኑ ነው የማይከፈተው?"

"መስኮቱ። ብርድ ይገባል።"

"በአዋሽ ሙቀት?" ሶልያና የምሳ ዕቃውን አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን አየች። ዕድሜ ልኳን ከዚህ ሰው ወሬ ጋር ስለኖረች፣ የቱን እንደምትጠይቅና የቱን እንደምታልፍ ታውቃለች። "ጢምህን ጥረግ" ብላው ተመለሰች።

*

ሐመረ ኖኅ በር ላይ ምእመኑ ጫማውን አወለቀ። ምድሩ ቅዱስ ነውና በባዶ እግር ነው የሚገባው፤ አሸዋው ግን በዚያ ሰዓት እንደ ምጣድ ይፋጃልና ቅድስናው ሰውን ያስዘልለዋል። መጀመሪያ ዝንጀሮዎቹን አዩ። የዝንጀሮዎቹ ማዕድ መሬት ለመሬት ስለተሠራ፣ ሲበሉ ግንባራቸው አፈር ይነካል። ሕዝቡ "እየሰገዱ ነው!" ብሎ አብሮ ሰገደ። ቀጥሎ ከርከሮዎቹ መጡ፤ ስማቸው አንድ በአንድ ከነክርስትናው ተጠራ። ቤት የቀረ ዘመድ ሁሉ በተጓዡ ዓይን ያያል፤ በተጓዡ ጆሮ ይሰማል። እያንዳንዱ ሰው ከጀርባው ቤተሰቡን፣ ጎረቤቱን፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ማንም አይደክመውም፤ ማንም አይሰለቸውም፤ ማንም ፊቱን አያኮሳትርም።

ከሰዓት በኋላ ከቋጥኞቹ ግርጌ ገመድ ተዘርግቶ ሕዝቡ ከገመዱ ወዲህ ቆመ። የወለተ ዳንኤል ማዕድ ገመዱ አጠገብ ነው፤ የድንጋይ ገንዳ ይመስላል፤ ክዳኑ ተዘግቷል። ቀሲስ ካሌብ፣ የማኅበሩ አባት፣ መስቀላቸውን ይዘው ጸሎት አደረሱ። ያፌት ገመዱን አልፎ ብቻውን ወደፊት ሄደ። የጸበሉን ጽዋ በግራ እጁ ያዘ። ድምፁን ከፍ አድርጎ "ማተቧ ይዘጋ!" አለ። ማተቡም ተዘጋ። ከአሁን ወዲያ አንበሳዋን የሚያዝዛት ነገር የለም፤ የሚያግዳትም የለም።

ይህን ያህል መሄድ አልነበረበትም። ካባው ውስጥ ላቡ ወረደ። ከጀርባው የባሮክን "ካባዬን እንዳታቆሽሸው!" የሚል ድምፅ ሰማ፤ የሚስቅ ግን አልነበረም።

ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ቢጫ ነገር ወጣ።

በወሬው ውስጥ ወለተ ዳንኤል የበሬ ያህል ነበረች። ከቋጥኙ የወረደችው ግን ቆዳዋ ከአጥንቷ የተጣበቀ፣ ትከሻዋ እንደ ኮርቻ የሾለ፣ ስትራመድ የምትወላገድ እንስሳ ናት። ወደ ግራ አላየችም፤ ወደ ቀኝ አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ ያፌት መጣች። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ አሸተተች፤ ጽዋውን አልፋ ወደ ቀኝ እጁ ሄደች፤ ላሰችውም።

እልልታው ከቋጥኝ ቋጥኝ ተላተመ። ሰዎች ተደፉ፤ አለቀሱ። እማማ ሔራን የደገፏቸውን ሴቶች ለቀው በራሳቸው ቆሙ።

ምላሷ እንደ ሞረድ ነው። መዳፉን ላሰች፤ የእጁን ጀርባ ላሰች፤ ጣቶቹን በአፍንጫዋ ፈልቅቃ በመካከላቸው ላሰች። ያፌት ምን እንደምትፈልግ ያወቀው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ጣቶቹ ላይ ስትደርስ፣ ጥብሱን ያነሣበት ጣቶቹ ላይ፣ ቆመች፤ ደግማ ደጋግማ ላሰቻቸው። እንደዚህ ያለ ትሕትና በሕይወቱ አላየም። ግን ትሕትና አልነበረም።

ዝቅ ብሎ አየ። ሆዷ ሥር ጠጉሩ ተነጭቷል። ጡቶቿ ቀልተዋል፤ ረጥበዋል፤ ዙሪያቸው በትንንሽ ጥርስ ተጫጭሯል።

ልጁ ኤልዳና በጥር ነበር የወለደችው። ያን ሰሞን አራስ ቤቱን በጩኸት ያናጋው እሱ ነው። "አራስ እንዴት አንድ ሰዓት ያለ ምግብ ትቆያለች? ገንፎው የታለ? አጥሚቱ የታለ?" እያለ ደጅና ጓዳ ሲሮጥ፣ ሐኪሟን እንኳ ሰድቧል። ያች ልጅ ጡቷ እንዲህ ሲሆን አይቷል። ስለዚህ አላወቅሁም ሊል አይችልም። እዚያው እንደቆመ ሁሉን ያውቃል።

"መጋቢያችን!" አሉ ቀሲስ ካሌብ፣ ድምፃቸው በዕንባ ታፍኖ። "ተአምሩን በዓይናችን አየን። ቃለ ምስክርነት ስጠን! አገር እየሰማህ ነው!"

ሶልያና ገመዱን አልፋ አጠገቡ መጥታለች። መቼ እንደመጣች አላያትም። "ያፌት" አለችው ቀስ ብላ፤ "ጡቷን አየኸው?"

"አየሁት።"

"አራስ ናት።"

"ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።"

"ክፈትላት።"

"እከፍትላታለሁ። ከምስክርነቱ በኋላ። አንድ አፍታ ነው፤ አገር እየጠበቀኝ እኮ ነው!"

የያፌት አንድ አፍታ ታዲያ ምን ያህል እንደሆነ ዳንኤላውያን ያውቃሉ። አፉን ሲከፍት ለማሳጠር አስቦ ነበር፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። ነገር ግን የመጀመሪያው "እልል!" ሲመጣ ሁለተኛው ቃል ራሱ መጣ፤ ሦስተኛው ተከተለ። ብርሃኑን ተናገረ፤ ዕጣኑን ተናገረ። ገብረ ኖኅ በሞተበት ሌሊት ያየውን ሕልም ተናገረ፤ አላየውም። ወለተ ዳንኤል እግሩ ሥር ተጋድማ፣ አንዴ እጁን አንዴ የተዘጋውን ገንዳ እያየች ትጠብቃለች። የቋጥኞቹ ጥላ ረዝሞ ገመዱን አለፈ። ሶልያና ክንዱን ይዛ ጨመቀችው። ያፌት ጭመቃውንም ለንግግሩ ማሳረጊያ አደረገው፦

"እነሆ ሱባዔዋን ፈጽማለችና ማዕዷ... ይከፈት!"

ክዳኑ ተከፈተ። የሥጋው ሽታ ወጣ። ሰው ሁሉ ትሮጣለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ተነሥታ ወደ ኋላ፣ ወደ ቋጥኙ ሮጠች። ስትመለስ አፏ ላይ አንድ ነገር አንጠልጥላለች።

"ግልገል!" ብሎ ጮኸ አንዱ። "ወልዳለች! የገብረ ኖኅ ዘር!"

ከዚያ በኋላ የሆነው እልልታ በዚያ ምድር ተሰምቶ አይታወቅም፤ ይህ የያፌት አባባል አይደለም፣ የቆመ ሁሉ የሚናገረው ነው። "ልጇን ለበረከት አመጣችልን!" እያሉ ተቃቀፉ። ወለተ ዳንኤል ግልገሉን ገንዳው አጠገብ አስቀምጣ፣ አንድ መዳፏን በላዩ አሳርፋ፣ ራሷን ገንዳው ውስጥ ከትታ መብላት ጀመረች።

እማማ ሔራን ገመዱን ይዘው በጣም ቀርበው ነበር። "ልጄ" አሉ። "ይህ ግልገል አይነቃም እኮ።"

"ተኝቶ ነው እማማ" አላቸው ያፌት።

"ዝንብ አርፎበታል። ዓይኑ ላይ።"

እልልታው ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። አጥንት ሲሰበር ብቻ ይሰማል።

ሶልያና ወደ ቀሲስ ዞረች። "አባታችን፣ አራስ ትጾማለች?"

"አራስማ አትጾምም" አሉ ቀሲስ ካሌብ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። "ሰው ቢሆን እንኳ ሥርዓቱ አያስገድድም። ግን ልጄ፣ ይህችን ማን አስጾማት? በገዛ ፈቃዷ ነው ሱባዔ የገባችው። አይደለም፣ ያፌት?"

ሕዝቡ ሁሉ ያፌትን አየው። ከሕዝቡ ዓይን ጀርባም ሌላ ሕዝብ አለ። "አዎ" ቢል ያበቃል። ነገሩ ለስላሳ ነበር፤ እንዲያውም ያምር ነበር። ግልገሉ በሱባዔ ያረፈ ሰማዕት ይሆናል፤ ስም ይወጣለታል። ያፌት ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አየው፤ ቃላቱ ጉሮሮው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ከዚያ መዳፉ ላይ ምራቋ ሲደርቅ ተሰማው፤ ቆዳውን ጨምድዶ ይዞታል።

"አይደለም" አለ። "መጥታ ነበር። ብዙ ጊዜ መጥታለች። ዛሬም መንገድ ላይ ሳለን መጥታ ነበር። ማዕዱ ጠየቀኝ፤ እኔ ነኝ አይከፈት ያልኩት። ወሬዬ እንዳይበላሽብኝ።"

በሕይወቱ እንዲህ ያጠረ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ብርሃን የለበትም፤ ሕልም የለበትም። ድንጋይ ይወረወርብኛል ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ማንም አልወረወረም። መጀመሪያ የተሰማው የእማማ ሔራን ልቅሶ ነው።

"እዩት!" አሉ። "እዩት ይህን ሰው! የሷን ልጅ ሞት እንኳ በራሱ ላይ ሲጭን!"

"ትሕትና ማለት ይህ ነው" አሉ ቀሲስ ካሌብ፣ መስቀላቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው። "በእንዲህ ያለ ክብር ሰዓት ራሱን እንዲህ ዝቅ ያደረገ ሰው አላየሁም።"

"እማማ፣ እውነቴን ነው! አባታችን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ!"

"እናውቃለን፣ ልጄ። እናውቃለን።"

ሰዎች ገመዱን ጥሰው መጡ። ትከሻውን ሳሙት፤ የላሰችውን እጁን ለመንካት ሲጋፉ ካባው ከትከሻው ወደቀ። ያፌት ለእያንዳንዱ ነገረው፤ እያንዳንዱም በዕንባ ሰምቶ ሳመው። በመጨረሻ ባሮክን ከሰው መሐል አየው። ሕዝቡን ገፍቶ ክንዱን ያዘው። ይህ ሰው ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ቃሉን አምኖት አያውቅም።

"ባሮክ! አንተ ታውቀኛለህ። ንገራቸው። ገደልኩት እኮ! ካባውን ውሰደው።"

ባሮክ እጁን በሁለት እጁ ያዘ። "ይቅር በለኝ ያፌት" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሳፌዝብህ ኖርኩ። ዛሬ ግን አመንኩህ። የሚዋሽ ሰው እንዲህ አድርጎ ራሱን አያዋርድም።" የወደቀውን ካባ ከአሸዋው አንሥቶ፣ አራግፎ፣ መልሶ ትከሻው ላይ ደረበለት።

ወለተ ዳንኤል በልታ ጨረሰች። ግልገሉን አንድ ጊዜ አሸተተችው፤ አላነሣችውም። ትታው በፍጥነት ወደ ቋጥኙ ወጣች፣ ገና ሥራ እንዳለባት ሴት።

"ሌላ አላት ማለት ነው" አለች ሶልያና፣ ለማንም ሳትናገር።

ያፌት ወደ ገንዳው ሮጠ። "ክፍት ይሁን! እስከ ፋሲካ አይዘጋ! ከዚያም ወዲያ አይዘጋ! ረቡዕ የለም፤ ዐርብ የለም!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡም "የመጋቢያችን ስለት ነው!" ብሎ አጨበጨበ።

*

ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከፊት ለፊት ያለውን የክብር ወንበር ለሱ ለቀውለታል። አውቶቡሱ በድምፁ "መጋቤ አራዊት፣ መዝሙር ያስጀምሩ" ቢለው አልመለሰም። ሰው ሁሉ በጸሎት ላይ ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከኋላ ወንበር ላይ ስለ ቀጣዩ ጾም ይወያያሉ። ጅቡም፣ ነብሩም፣ ከርከሮዎቹም እንደ ወለተ ዳንኤል በየተራ ሱባዔ ቢገቡ ምን ያህል በረከት እንደሚሆን አንዱ ያስረዳል፤ ሌላው "መሪያችን ያፌት እያለልን ምን እንፈራለን?" ይላል።

ያፌት ተነሥቶ ሶልያና አጠገብ ተቀመጠ።

"አንቺ ንገሪያቸው" አላት። "አንቺ መጋረጃውን ስትገልጪ ሰምተሻል። አይከፈት ስል ሰምተሻል። አንቺን ያምኑሻል።"

ሶልያና ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰበሰበች። "ሰምቻለሁ" አለች። "መስኮት እንዳልሆነም አውቄ ነበር። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። መቼ ጠይቄህ አውቃለሁ?"

"ታዲያ ንገሪያ! እባክሽ ሶሊ።"

"ስትዋሽ አጠገብህ ቁጭ ብዬ የምስቅልህ እኔ ነበርኩ። ሰው ሲጠራጠር ዓይኔን ነበር የሚያየው፤ እኔም አዎ እል ነበር። ዛሬ ተነሥቼ ይህ እውነት ነው ብል ምን የሚሉ ይመስልሃል? ሚስቱም እንደሱ ትሑት ናት ይላሉ።" ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። "የሆነውን አንተ አውራ። እኔ የምለው የለኝም።"

ያፌት መተላለፊያው መካከል ቆመ። ካባውን አውልቆ ወለሉ ላይ ጣለው። ተሳፋሪው ሁሉ ቀና አለ።

"እኔ ነኝ!" አለ፣ ባለው ድምፅ ሁሉ። "ርቧት መጣች፤ እኔ ጥብስ እየበላሁ ከለከልኳት! ልጇን የገደልኩት እኔ ነኝ!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

እልልታው ቀለጠ፤ አውቶቡሱም ፍጥነቱን ጨመረ።